በአበባ ማስቀመጫው ዙሪያ

የእህቴ ልጅ ሊወለድ ሁለት ወር ሲቀረው ክዊልት፣ ማለትም ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የሚሰፋ ብርድ ልብስ፣ ልሰፋለት ተነሳሁ። ቶሎ ልገላገል ብዬ ዝሆንና ቀጭኔ የታተመበት ፓነል ገዛሁ። አንድ ወጥ ጨርቅ ላይ ያለቀ ሥዕል ነው። «ይሄማ ማጭበርበር አይደል?» ብዬ ትንሽ አፈርኩ።

ታሪኩን ሳነብ ግን እፍረቱ ለቀቀኝ። እንግሊዝ የሱፍና የሐር ሠሪዎቿን ለመጠበቅ በ1721 እ.ኤ.አ. አብዛኛውን የታተመ የጥጥ ጨርቅ መልበስ ከልክላ ነበር። ሕጉ የተሻረው በ1774 ነው። በዚያው ዘመን ጆን ሂውሰን የተባለ እንግሊዛዊ አታሚ ፊላደልፊያ ገብቶ ሥራ ጀመረ። በተቀረጸ እንጨት ካተማቸው ሁሉ የታወቀለት በአበባ የተሞላ ማስቀመጫ ነው፤ ዙሪያውን ወፎችና ቢራቢሮዎች አሉበት። ሴቶች ያንን ገዝተው መሃል ላይ ያደርጉና ዙሪያውን በመረጡት ጨርቅ ይሞሉታል። እንዲህ የተሰፋ ክዊልት ዛሬ በፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። አያችሁ? መሃሉ የአታሚው ነው፤ ዙሪያው ግን የሰፊዋ።

የእኔ ፓነል 60 በ110 ሳንቲሜትር ነው። 100 በ150 እንዲሆን በየጎኑ 20 ይጎድለዋል። ለገበሩ አቡጀዲ አለኝ። ለዙሪያው ያሰብኩት የእናታችንን ሺቲ ቀሚስ ነው። ካረፈች ጀምሮ ሻንጣ ውስጥ ተቀምጧል፤ መቀስ ለማንሳት ሁለታችንም አልደፈርንም።

ትናንት ለካሁት። የሚበቃው ለሦስት ጎን ብቻ ነው። ለእህቴ ደውዬ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና፣ «ቁረጪው፤ አራተኛው ጎን ከእኔ ቀሚስ ይሁን» አለችኝ።