ማን ቀድሞ ተኮሰ?

እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው «ስታር ዋርስ» ፊልም ሃን ሶሎ ሊይዘው የመጣውን ግሪዶን ከጠረጴዛ ሥር ተኩሶ ይገድለዋል። ሃን ኮንትሮባንዲስት ነው፤ ከራሱ ጥቅም ሌላ ግድ የለውም። በኋላ ለጓደኞቹ ሲል ተመልሶ ሲዋጋ ደስ የሚለንም ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ጆርጅ ሉካስ ፊልሙን አድሶ ሲያወጣ ግን ግሪዶ ቀድሞ እንዲተኩስ አደረገ። አድናቂዎች ተቆጡ፦ ሃን ከመጀመሪያው ጨዋ ከነበረ ምኑ ተለወጠ?

የሚገርመው፣ ይኸው ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ የቆዩ ፊልሞች እንዳይነካኩ ተሟግቶ ነበር። ሙግቱ ፊልም ሠሪውን ከኩባንያዎች ለመጠበቅ ነበር። የሚነካካው ሠሪው ራሱ ሲሆንስ?

ሠሪ ሥራውን ያሻሽል፣ መብቱ ነው። የመጀመሪያውን ግን ከተመልካች አይሰውር። ያ ቅጂ የብዙዎች ትዝታ፣ የዘመኑም ታሪክ ነው።