የዋሽንግተን ቤተሰብ የትውልድ ሐረግ፦ በሴቶች የውርስ ሰነድ የተፈታ ጥያቄ

በቅኝ ግዛት ዘመን ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ቤተሰቦችን ትውልድ የሚያጠኑ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደውን ስም ይከተላሉ። የጆርጅ ዋሽንግተን ቤተሰብ ታሪክ የዚህን ዘዴ ድክመት በግልጽ ያሳያል። ይህ መጣጥፍ የወንዶቹ ስም ያሳሳተውን ሐረግ የሴቶች የውርስ ሰነዶች እንዴት እንዳቃኑት ያስረዳል። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በ1791 የእንግሊዝ መንግሥት የአርማና የትውልድ መዝገብ ሹም ሰር አይዛክ ሄርድ ስለ ፕሬዚዳንት ዋሽንግተን ዘር ለመጠየቅ ለራሳቸው ለፕሬዚዳንቱ ጻፉ። ፕሬዚዳንቱ በ1792 ሲመልሱ፣ ከቤተሰባቸው ጆንና ሎረንስ የተባሉ ወንድማማቾች በ1657 ገደማ ከእንግሊዝ መጥተው በቨርጂኒያ፣ በፖቶማክ ወንዝ አካባቢ እንደሰፈሩ ገለጹ። ሄርድም በእንግሊዝ የሰልግሬቭ ባለርስት ከነበሩት ዋሽንግተኖች ወገን በእነዚሁ ስሞች የሚጠሩ ሁለት ወንድማማቾች ስላገኙ፣ ስደተኞቹ እነርሱ ናቸው ብለው ደመደሙ።

በ1866 የትውልድ ተመራማሪው ጆሴፍ ቼስተር ይህን ድምዳሜ አፈረሱት። የሰልግሬቩ ጆን በ1623 የ«ሰር» ማዕረግ ተቀብሏል፤ የቨርጂኒያው ጆን ግን በዚህ ማዕረግ ተጠርቶ አያውቅም። የሰልግሬቩ ሎረንስም በእንግሊዝ የፐርሊ ደብር ቄስ ነበር፤ የቨርጂኒያው ሎረንስ ግን ቄስ አልነበረም። ስሞቹ ቢገጥሙም ሰዎቹ ሌሎች ነበሩ።

መፍትሔው በ1889 ከትውልድ ተመራማሪው ከሄንሪ ዋተርስ ጥናት መጣ። ዋተርስ በእንግሊዝ በትሪንግ ከተማ የኖረችውን የአምፊሊስ ዋሽንግተንን ሰነድ አገኙ፦ በ1656 መጀመሪያ የሟቿን ንብረት እንዲያስተዳድር የተሾመው ልጇ ጆን ነው። የእንጀራ አባቷ አንድሩ ኖውሊንግም በኑዛዜው ከአምፊሊስ ልጆች የክርስትና ልጁን ሎረንስን፣ ከዚያም ጆንን፣ ኤልሳቤጥን፣ ማርጋሬትንና ማርታን አስታውሷል። ከውቅያኖስ ማዶ ደግሞ ጆን በ1675 በቨርጂኒያ ሲናዘዝ ለእህቱ ለማርታ አሥር ፓውንድ ሰጥቶ፣ ለመሻገሪያዋ ያወጣውን ገንዘብ ምሮላታል። ማርታም በ1697 ስትናዘዝ በእንግሊዝ የቀሩ እህቶቿን ኤልሳቤጥንና ማርጋሬትን ጠቅሳለች።

የአምፊሊስ ባል በ1643፣ በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት፣ ከደብሩ የተባረረው የፐርሊው ቄስ ሎረንስ ነው። ስለዚህ ሄርድ ስደተኛ ያሉት ሎረንስ የስደተኞቹ አባት ነበር። ሄርድ ቤተሰቡን ቢያገኙም በአንድ ትውልድ ስተዋል።

ስህተቱ የመጣው ጆንና ሎረንስ በዚህ ቤተሰብ በየትውልዱ የሚደጋገሙ ስሞች በመሆናቸው ነው። ሁለት የወንድ ስሞች ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም። በእናትና በእንጀራ አያት ሰነዶች ያሉት የወንድሞችና የእህቶች ስሞች በሁለቱም አህጉራት በአንድነት ሲገጥሙ ግን አጋጣሚ ነው ማለት አይቻልም። የቅኝ ግዛት ዘመን ትውልድን የሚያጠና ተመራማሪም በስመ ጥሩው ወንድ ከመጀመሩ በፊት የመበለቶችንና የእህቶችን የውርስ ሰነዶች ሊያነብ ይገባል፤ ዝምድናን በስም እየጠሩ ሊመዘግቡ ይችላሉና።