የጆን ዌስሊ የጆርጂያ ማስታወሻ

የጆን ዌስሊ የጆርጂያ ማስታወሻ፣ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን የነበረው ጆን ዌስሊ (1703–1791 እ.ኤ.አ.) በሰሜን አሜሪካ ወደምትገኘው የጆርጂያ ቅኝ ግዛት ባደረገው የወንጌል ተልእኮ ነፍሱን የመረመረበት ጽሑፍ ነው። ከ1735 እስከ 1738 ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። መነሻው ዌስሊ በ1725 በኦክስፎርድ የጀመረው የዕለት መዝገብ ሲሆን፣ በዚያ መዝገብ ሰዓቱንና ሐሳቡን ሳይቀር በአጭር ጽሕፈት ይቆጣጠር ነበር። የማስታወሻው እምብርት የባሕር ጉዞው ነው፤ በጃንዋሪ 1736 ማዕበል መርከቧን ሲያናውጥ ዌስሊ ሞትን ሲፈራ፣ አብረውት የተሳፈሩት ጀርመናውያን ሞራቪያውያን (የአንድ ፕሮቴስታንት ማኅበር አባላት) ዝማሬያቸውን አላቋረጡም። ሌሎችን ሊያስተምር ሄዶ የገዛ እምነቱን ጉድለት መረዳቱን ሳይሸፋፍን ጽፏል። ተልእኮው ሳይሰምር በ1738 መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ማስታወሻው በ1740 ታትሞ፣ ራስን መመርመር በዌስሊ ተከታዮች በሜቶዲስቶች ዘንድ ሥር እንዲሰድ አግዟል።