«ኤንዳጋቡቶንዴ»፦ የዘረመል ማስረጃና የችሎት ቋንቋ ከፖርት ቤል አንጻር

ፖርት ቤል በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የምትገኝ የካምፓላ ወደብ ናት። ስሟ የተወሰደው በ20ኛው ምዕት ዓመት መባቻ ዑጋንዳን ካስተዳደረው እንግሊዛዊ ከሄስኬት ቤል ነው። ሐይቁን «ናሉባሌ» የሚሉት የሉጋንዳ ተናጋሪዎች ከምዋንዛና ከኪሱሙ ወገን ስዋሂሊና ሉኦ እየተናገሩ ከሚመጡት ጋር ይገናኙባታል። በአቅራቢያዋ የሉዚራ ወኅኒ ቤት አለ። በዚያ የታሰሩ ተከሳሾች ጉዳያቸው የሚታየው በእንግሊዝኛ ነው።

ሉጋንዳ ዲኤንኤን «ኤንዳጋቡቶንዴ» ይለዋል። «ላጋ» (ማሳየት) የተሰኘው ግንድ ከአፍንጫዊው «ን» ሲቀጥል «ንዳጋ» ይሆናል፤ «ቡቶንዴ» ተፈጥሮ ነው። መታወቂያ ወረቀትም በዚሁ አካሄድ «ኤንዳጋሙንቱ» (ሰውን የሚያሳይ) ይባላል። ሁለቱም ቃላት ማሳየትን ይናገራሉ፤ ለማን እንደሚታይ ግን አይናገሩም። የሕጉ ክርክር የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. የ1995 የዑጋንዳ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 28 ተከሳሽ መከላከያውን የሚያዘጋጅበት በቂ ጊዜና ሁኔታ እንዲሰጠው ያዛል፤ አንቀጽ 41 ደግሞ በመንግሥት እጅ ያለ መረጃን የማግኘት መብት ለዜጋ ይሰጣል። በ2007 በቀረበው የሕገ መንግሥት ጥያቄ ቁጥር 6 ፍርድ ቤቱ ተከሳሽ የዐቃቤ ሕግን ማስረጃ አስቀድሞ ማየት በመርሕ ደረጃ እንደሚገባው፣ መብቱ ግን ፍጹም እንዳልሆነ ወሰነ። ክርክሩ በዘረመል ምክንያት ባይነሣም የላቦራቶሪ ውጤት ከመርሑ ውጭ የሚሆንበት ምክንያት የለም። የሌሎች ሰዎች መረጃ የተከማቸበትን መዝገብ መፈተሽ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ አንቀጽ 41 ራሱ የሌላውን ሰው ገመና ይጠብቃልና። ከሐይቁ ማዶ በኬንያም ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጥር 2020 ራሱን የቻለ ሕግ ሳይኖር ለብሔራዊ ምዝገባ ዲኤንኤ መሰብሰብን ከልክሏል።

አንቀጽ 28 ክሱ ተከሳሹ በሚረዳው ቋንቋ እንዲነገረው፣ በችሎትም ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲመደብለት ያዛል። የላቦራቶሪ ጽሑፍ ስለመተርጎም ግን አያነሣም። ክፍተቱ ቀላል አይደለም። የመርማሪው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ስለ ዕድል መጠን፣ ማለትም ተመሳሳይ ዘረመል በሌላ ሰው ላይ የመገኘቱ ነገር ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ይናገራል፤ «ተፈጥሮን የሚያሳይ» የሚለው ቃል ግን ጥርጣሬን አያስተናግድም። ስለዚህ አስተርጓሚው «ይመሳሰላል» ለማለት «እርሱ ነው» ቢል፣ ማስረጃው የማይለውን ለዳኛና ለተከሳሽ ያሰማል። አማርኛም «ዘረመል»ንና «ዲኤንኤ»ን ጎን ለጎን ሲጠቀም ለመመሳሰልና ለዕድል መጠን የሚሆን የችሎት ቃል ያስፈልገዋል። ማስረጃን የማየት መብት ሙሉ የሚሆነው የታየው ነገር በሚገባው ቋንቋ ሲነገር ነው።