ቁራኛና እሰጥ አገባ
በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባለዕዳና አበዳሪ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው መንገድ ሲሄዱ ማየት ብርቅ አልነበረም፤ ቁራኛ ይባል ነበር። ዋስ ያጣ ተበዳሪ ከባለገንዘቡ ጋር ይቆራኝ ነበር፤ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይውሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር። እኔን የሚያስቀኝ አበዳሪው ነው፤ ገንዘቡም የለ፣ ነጻነቱም የለ!

ሙግቱ የርስት ሲሆን ግን ሳቅ አልነበረም። በጎጃምና በጎንደር ተሟጋቹ ዘሩን መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ መቁጠር ነበረበት። የጎጃሙ አያቴ የትውልድ ሐረጋችንን እንደ ዳዊት ያስጠናኝ ለኩራት አልነበረም፤ ለችሎት ነው።

በችሎቱም ተሟጋች ኩታውን አጣፍቶ፣ ዱላውን እየወዘወዘ «ማር እሰጥ!» «በቅሎ እሰጥ!» እያለ ይወራረድ ነበር፤ እሰጥ አገባ የሚባለው ይህ ነው። የተረታው ውርርዱን ይከፍል የነበረው ለባላጋራው ሳይሆን ለዳኛው ነው። እንዲህ ያለ ዳኛ፣ ክርክሩ ቶሎ እንዲያልቅ ምን አስቸኮለው?