ለጥንቸል ጉዝጓዝ ምን ይሻላል? ጭድ፣ ሰጋቱራ ወይስ ጋዜጣ

ጥንቸል የተጎዘጎዘላትን ነገር ትበላለች። ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ ገለባውንም፣ ወረቀቱንም፣ እንጨቱንም ታላምጣለች፤ የዋጠችውን ደግሞ ማስታወክ አትችልም። በመሆኑም የሚመረጥላት ጉዝጓዝ ሽንት መምጠጡና ርካሽ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ቢበላም የማይጎዳ መሆን ይኖርበታል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ የጥንቸል ሥጋ ስለማይበላ፣ ጥንቸል በብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች የምትገባው ለምግብነት ሳይሆን ለልጆች ደስታ ነው። ከአያት የሚነሣው ቀላል ባቡር በሚያበቃበት በጦር ኃይሎች አካባቢ ለሚኖር ቤተሰብም ከውጭ የሚገባ ጉዝጓዝ ፍለጋ መድከም የግድ አይደለም። ለቤት ምርጊት የሚሸጠው ጭድ፣ ከእንጨት ሥራ ቤቶች የሚወጣው ፍቅፋቂና የተነበበ ጋዜጣ በቂ ናቸው። ችግሩ ሁሉም ጭድና ሁሉም ሰጋቱራ አንድ አለመሆኑ ነው።

የጤፍ ጭድ ለስላሳ በመሆኑ ለጥንቸል እግር ይመቻል። የጥንቸል መዳፍ እንደ ውሻ ወፍራም ቆዳ የለውም፤ የሚሸፍነው ጠጉር ብቻ ነው። ሻካራ ወይም እርጥብ ወለል ላይ የምትውል ጥንቸል ተረከዟ ይቆስላል፤ ቁስሉም ለመዳን ብዙ ጊዜ ይወስዳል። የስንዴ ገለባ ውስጡ ክፍት በመሆኑ ሽንቱን ወደ ታች ያሳልፋል እንጂ ብዙም አይመጥም፤ ስለዚህ ከሥሩ የሚመጥ ነገር ይፈልጋል። የገብስ ገለባ ጢም ዓይን ሊወጋ ስለሚችል ይህ ሁሉ እያለ እርሱን መምረጥ ተገቢ አይደለም። ጭድ ገዢ ከዋጋው አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን ማረጋገጥ አለበት። አንደኛው ሻጋታ ነው፤ በእጅ ሲጨበጥ የሚቀዘቅዝ፣ የሚሸት ወይም ነጭና ጥቁር ነጥብ ያለበት ጭድ ለጥንቸል ሳንባ ጠንቅ ነው። ሁለተኛው አቧራ ነው፤ አንድ እፍኝ ጭድ ፀሐይ ላይ ሲራገፍ ደመና ከሠራ መተው ይሻላል። ጭድ የሚሸጥ ገበሬም ከዝናብ የተጠበቀውን ለይቶ ቢያስቀምጥና ፀረ-አረም የተረጨበት ከሆነ ለገዢው ቢነግር ደንበኛ ያተርፋል።

ሰጋቱራ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በመጋዝ የሚወጣው ዱቄት መሰል ብናኝ ወደ አፍንጫና ወደ ዓይን ስለሚገባ አይመከርም፤ በመላጊያ የሚወጣው ጥቅልል ፍቅፋቂ ግን ደረቅና ንጹሕ ከሆነ ይሆናል። ከዚህ የሚለየው የጽድ እንጨት ነው። በውጭ አገር ለትናንሽ እንስሳት ጉዝጓዝ እንዳይሆን በተደጋጋሚ የሚነገርለት “ቀይ ሴዳር” ከአበሻ ጽድ ጋር የአንድ ወገን ዛፍ ነው። ለሰው አፍንጫ የሚጥመው መዓዛ የእንስሳትን መተንፈሻ የሚቆጣና የጉበትን ሥራ የሚያዛባ ነው። የኤምዲኤፍ፣ የቺፕውድና የኮምፔንሳቶ ብናኝ ሙጫ ስላለበት፣ ቀለም ወይም ቫርኒሽ የነካው ደግሞ በራሱ መርዛም ሊሆን ስለሚችል መወገድ አለባቸው። አናጢውን “ዛሬ የላጋችሁት ምን እንጨት ነው?” ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ለድመት የሚሸጠው፣ እርጥበት ሲነካው የሚጓጉለው የሸክላ አፈር ለጥንቸል ፈጽሞ አይሆንም፤ ከዋጠችው አንጀቷ ውስጥ አብጦ ሊዘጋት ይችላል። ለግማሽ ቀን ያህል ያልበላች ወይም በጠጥ ያልጣለች ጥንቸል ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም መወሰድ አለባት። የቡና ገለፈት ካፌይን ስላለው አይጎዘጎዝም። ቄጤማም እርጥብ ነው፤ በተበከሉ የከተማ ወንዞች ዳር የታጨደ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

አነጣጠፉ ቀላል ነው። ጥንቸል ዘወትር አንድ ጥግ ላይ መሽናት ስለምትወድ፣ ዝቅ ያለ ሳፋ እዚያው ማስቀመጥ ይበቃል። ከታች ጥቂት ንጣይ ጋዜጣ (የሚያብለጨልጨው የመጽሔት ወረቀት አይደለም)፣ ቀጥሎ ፍቅፋቂ፣ ከላይ ጭድ ይደረጋል። ከሳፋው ራስጌ ደረቅ ሣር ቢንጠለጠል ጥንቸሏ እየበላች እዚያው ስለምትጸዳዳ ቶሎ ትለምዳለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት የረጠበ ጉዝጓዝ ሳፋው ውስጥ መተውም ይረዳል።

2 ኪሎ የምትመዝን ጥንቸል በቀን ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ውኃ ልትጠጣ ትችላለች፤ ስለዚህ የረጠበው በየቀኑ መነሣት አለበት። ሽንቱ ሲቆይ አሞኒያ ይሆናል። ሽታው ለቆመ ሰው ከታወቀ፣ አፍንጫዋ ከወለሉ ብዙም ለማይርቀው ጥንቸል ከልክ አልፏል። በክረምት ዝንቦች በቆሸሸ ጠጉር ላይ እንቁላል ይጥላሉ፤ ትሉም ጥንቸሏን በአንድ ሁለት ቀን ሊገድላት ይችላል። ተቅማጥ የሚያመጣው የኮክሲዲያ ተውሳክም እርጥበት ባለበት ይበረታል።

ሳፋው ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር ከሽንቱ የሚቀር ካልሲየም ሲሆን በአቼቶ ይለቃል። በረኪና ግን ሽንት ባለበት ዕቃ ላይ መጨመር የለበትም፤ ከአሞኒያም ሆነ ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል።

የተነሣው ጉዝጓዝ መጣል የለበትም። የጥንቸል በጠጥ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ነው፤ ጭዱም አብሮ ይበሰብሳል። ለጎመንና ለድንች መደብ ተመራጭ ነው፤ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣ ግን አስቀድሞ ተከምሮ በሚገባ መብሰል አለበት።