በነጻ የቀረበ የበረዶ ውሃ
የአሜሪካ መንገድ ዳር ትንግርቶችና የሦስት ባልና ሚስቶች ታሪክ

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ ይባላል። ውድ አንባቢ፣ በሐምሌና በነሐሴ ዕረፍት ከባለቤትዎ ጋር መኪናዎን አስነስተው ረጅም መንገድ ለመሄድ ካሰቡ፣ ከመነሳትዎ በፊት በአሜሪካ አውራ ጎዳና ታሪክ ውስጥ ስማቸው ስለሚነሳ ሦስት ባልና ሚስቶች ጥቂት እናውጋዎት። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዚህ አገር መንገድ ዳር እንግዳ ነገር አይታጣም። በኒው ጀርሲ ማርጌት ከተማ በዝሆን ቅርጽ የታነጸ ቤት አለ፤ በ1881 ያሠራው መሬት ለመሸጥ ገዢ መሳብ የፈለገ ሰው ነው። በሳውዝ ዳኮታ ሚቸል ከተማ ግድግዳው በበቆሎ ራስ ያጌጠ አዳራሽ ይገኛል። በቴክሳስ አማሪሎ አጠገብ ደግሞ በ1974 አሥር የካዲላክ መኪኖች አፍንጫቸው መሬት ውስጥ ተቀብሮ ተተክለዋል። ይህን ያየ ሰው «ሰዎቹ ሥራ ፈት ናቸው እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ነገሩ ግን የሥራ ፈት ሥራ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ ትንግርቶች የተወለዱት በጥድፊያ የሚያልፈውን መንገደኛ ለማስቆም ከነበረ ጭንቀት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ባልና ሚስት ለዚህ ጥሩ ምስክር ናቸው። ቴድ ሃስቴድ የመድኃኒት ባለሙያ ነበር። በ1931 ከአባቱ በወረሰው 3,000 ዶላር ዎል በምትባል የሳውዝ ዳኮታ መንደር አንዲት ትንሽ መድኃኒት ቤት ገዛ። ጊዜው ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት አሜሪካን ያደቀቀበት፣ በላዩም ድርቅ የታከለበት ነበር። ቴድና ሚስቱ ዶሮቲ አምስት ዓመት ሊሞክሩ ተስማሙ። አምስተኛው ዓመት ቢደርስም ገበያው አልሞቀም።

በ1936 የበጋ ወራት አንድ ቀን ዶሮቲ ጋደም ብላ ሳለ የአላፊ መኪኖች ጩኸት እንቅልፍ ነሳት። ያን ጊዜ አንድ ነገር አሰበች። እነዚህ ሰዎች በጠራራ ፀሐይ ሜዳውን አቋርጠው ሲመጡ የሚመኙት ምንድን ነው? ውሃ፣ ያውም የቀዘቀዘ ውሃ። በረዶው እንደሆን በቤታቸው አለ፤ ታዲያ ለምን በነጻ አንሰጣቸውም አለች። ቴድ በሳንቃ ላይ አጫጭር ማስታወቂያዎች ጽፎ በመንገዱ ዳር ተከላቸው። ተክሎ ሲመለስ መንገደኛው ቀድሞት ደርሶ ዶሮቲን መቆሚያ አሳጥቷት አገኘ። ውሃውን የጠጣ አይስክሬም ሳይገዛ አይወጣም። በተከታዩ በጋ ስምንት ሴቶች ረዳት አድርገው ቀጠሩ። ዛሬ ያች ሱቅ በዓመት ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ጎብኚ ታስተናግዳለች፤ በአውራ ጎዳናውም ዳር 80 ጫማ የሚረዝም የዳይኖሰር ሐውልት ቆሞላታል። የበረዶው ውሃ ዛሬም በነጻ ነው።

በዚያው በ1936 ዓ.ም. ሌላ ጽሑፍ ወጣ። ሃርለም የሚኖር ቪክቶር ሁጎ ግሪን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ የፖስታ አዳይ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አሳተመ። ሃርለም በእነዚያ ዓመታት ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በመውረሯ ሕዝቧ አደባባይ ወጥቶ የጮኸልን ሰፈር መሆኗን አንዘንጋ። በአሳታሚው ስም «ግሪን ቡክ» የተባለችው ይህች መጽሐፍ ጥቁር መንገደኛ የት ማደር፣ የት መብላት፣ የት ቤንዚን መቅዳት እንደሚችል ትዘረዝራለች። መጀመሪያ በኒውዮርክ አካባቢ ተወስና ነበር፤ ኋላ ግን መላውን አገር አዳረሰች። በዚያ ዘመን ጥቁር ባልና ሚስት ለሽርሽር ሲነሱ ስንቃቸውን ቋጥረው፣ ትርፍ ቤንዚን ጭነው ነበር፤ የሚያሳድር ሆቴል ካጡም የሚያድሩት እመኪናቸው ውስጥ ነው። ግሪን በ1960 ሲሞት ሚስቱ አልማ ሥራውን ቀጠለች።

አንባቢ ሆይ፣ በአንድ ዓመት የወጡትን ሁለቱን ጽሑፎች እስቲ ያስተያዩ። አንዱ መንገደኛውን ና ጠጣ ይላል። ሌላው መንገደኛው የት ቢገባ እንደማይባረር ይነግረዋል።

ጉዳዩ ለእኛ ለአፍሪካውያንም ሩቅ አልነበረም። በ1961 የቻድ አምባሳደር አዳም ማሊክ ሶው ከኒውዮርክ ወደ ዋሽንግተን ሲጓዙ፣ በሜሪላንድ 40 ቁጥር መንገድ ላይ ቡና ሊጠጡ ጎራ ቢሉ ጥቁር በመሆናቸው አናስተናግድም ተባሉ። ሌሎች የአፍሪካ ዲፕሎማቶችም በዚያው መንገድ ተመሳሳይ ውርደት ስለደረሰባቸው የፕሬዚዳንት ኬኔዲ መንግሥት በነገሩ ለመግባት ተገደደ። በሆቴል፣ በምግብ ቤትና በቤንዚን ማደያ በዘር መለየትን የከለከለው ሕግ የተፈረመው ሐምሌ 2 ቀን 1964 ነው። ከዚያ በኋላ «ግሪን ቡክ» ብዙም ሳትቆይ መታተሟን አቆመች፤ ግሪን ራሱም ከጥንት የተመኘው መጽሐፉ የማታስፈልግበትን ቀን ነበር። የስደተኞችን በር ለአፍሪካውያን ይበልጥ የከፈተው ሕግ የወጣው በተከታዩ ዓመት በ1965 ነው። እንግዲህ አብዛኞቻችን ወደዚህ አገር የገባነው ሌሎች ታግለው መንገዱን ካቀኑት በኋላ ነው።

ሦስተኛዎቹ ባልና ሚስት ሂዩና ዜልታ ዴቪስ ናቸው። ዜልታ የዓሣ ነባሪ ትንንሽ ምስሎች መሰብሰብ ትወድ ነበር። ባልዋ ሂዩ ለጋብቻ በዓላቸው ስጦታ እንዲሆናት በኦክላሆማ ካቱሳ፣ በ66 ቁጥር መንገድ አጠገብ በሚገኘው ኩሬያቸው ላይ 80 ጫማ ርዝመት ያለው ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ከብረትና ከሲሚንቶ ሠራ። ሥራው በ1972 ተጠናቀቀ። ለሚስት የተሠራው ስጦታ ሳይታሰብ የአላፊ አግዳሚው መዋኛና መዝናኛ ሆነ።

ነገር ግን መንገዱ ራሱ እየተለወጠ ነበር። በ1956 በወጣው ሕግ የተሠሩት ፈጣን አውራ ጎዳናዎች ብዙ መንደሮችን በጎን አልፈዋቸው ሄዱ። በ1926 የተሰየመው ዝነኛው 66 ቁጥር መንገድም በ1985 ከመዝገብ ተሰረዘ። መንገደኛ የራቃቸው ብዙ ሱቆችና ማደሪያዎች ተዘጉ። ከዓሣ ነባሪው መሰሎች የተረፉት፣ የሚወዳቸው ሰው ቀለማቸውን እያደሰ ያቆያቸው ናቸው።

ስለዚህ በጉዞዎ ላይ ባለቤትዎ «እስቲ እዚህ እንቁም» ቢሉዎት፣ እንመሻለን ብለው አይለፉ። ከአውራ ጎዳናው ይውጡ፣ ውሃውን ይጠጡ፣ ፎቶግራፉንም ይነሱ። ልጆች አብረዋችሁ ካሉ ሳንቃው ላይ የተጻፈውን ያንብቡላቸው። ከዚያም እንደ እነርሱ ያለ ጥቁር ልጅ ከወላጆቹ ጋር በፈለገበት መቆም የማይችልበት ዘመን እንደነበረ ይንገሯቸው። ለመስማት ዕድሜያቸው አልደረሰም ብለው አይስጉ፤ በዚያን ጊዜ በኋላ ወንበር ተቀምጠው «ለምን አንቆምም?» እያሉ ይጠይቁ የነበሩትም ልጆች ናቸው።